ጨጓራዎን ለማሳነስ ካሰቡ አሥረኛውን ዓመት ያስቡ

ክብደት ለመቀነስ ብሎ በኦፕራሲዮን ጨጓራን ማሳነስ ለእኛም ሰው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አንዱ ኢስታንቡል ደርሶ ይመጣል፤ ሌላዋ ዱባይ ወይም ሕንድ ትሄዳለች፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ እዚያው በጤና መድናቸው ይታከማሉ። የሚወራው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ስንት ኪሎ እንደወረደ፣ የትኛው ቀሚስ እንደሰፋ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ነው። ኦፕራሲዮኑ ይሠራል፤ ከባድ ውፍረትንና ከእሱ ጋር የሚመጣውን ስኳር በማሸነፍ ረገድ ውጤቱ ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለው ያረጋገጡት ነው። ውጤቱን የሚያቆየው ግን በየዓመቱ የሚደረገው ክትትል ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ ይህን ነው፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማን እንደሚከታተልዎ በስም ሳያውቁ የኦፕራሲዮን ቀን አይቁረጡ።

ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ

ቁመትዎን በሜትር ወስደው በራሱ ያባዙት፤ ክብደትዎን በኪሎ ለዚያ ያካፍሉት። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 110 ኪሎ የሆነች ሴት ብንወስድ፣ 1.65 በ1.65 ሲባዛ 2.72 ይሆናል፤ 110 ለ2.72 ሲካፈል 40 ገደማ ይመጣል። ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ቁጥር ነው። በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣውና ዓለም ለሠላሳ ዓመት የተመራበት መለኪያ 40 የሞላውን ሰው፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበትን ሰው ይቀበል ነበር። በ2022 የሙያው ማኅበራት መለኪያውን አሻሽለው፣ 35 የሞላው ሰው ሌላ በሽታ ባይኖረውም፣ ከ30 እስከ 35 ያለው ደግሞ ዓይነት 2 ስኳር ካለበት ለኦፕራሲዮን ሊታሰብ ይችላል ብለዋል። የእርስዎ ቁጥር ከ30 በታች ሆኖ ሳለ «እንሠራልዎታለን» የሚል ካገኙ ከዚያ ሰው ይራቁ።

ክብደት የሚቀንሰው መርፌስ? ኦዜምፒክና ዌጎቪ በሚል ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ እውነተኛ አማራጭ ስለሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ነገር ግን በአንድ ትልቅ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንደጨመሩ ታይቷል። መርፌውን ለዓመታት መግዛት ይችሉ እንደሆነ አሁኑኑ ያስሉ።

ዓይነቱን በፋሽን ሳይሆን በበሽታዎ ይምረጡ

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ስሊቭ ነው፤ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠባብ ቱቦ ብቻ ይቀራል። ረሀብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል። የወጣው ተመልሶ አይገባም። ሁለተኛው ባይፓስ ነው፤ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ሲኒ ያህል የምትይዝ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትሰፋለች። ቀሪው ጨጓራ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ምግብ ግን አያልፍበትም። በቀለበት ማሰር የሚባለውን የቀድሞ ዘዴ የሚያቀርብልዎ ካለ አይቀበሉ፤ ቀለበቱ ስለሚንሸራተትና የጨጓራውን ግድግዳ እየበላ ስለሚገባ፣ ካስገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ኋላ ለማስወጣት ዳግም ኦፕራሲዮን ሆነዋል።

ከሁለቱ ለመምረጥ በመጀመሪያ ስለ ቃር ራስዎን ይጠይቁ። ሌሊት አሲድ ወደ ጉሮሮዎ እየወጣ የሚያስነሳዎ ከሆነ ስሊቭ ሊያባብሰው ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ 240 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተከታተለው ጥናት በአሥረኛው ዓመት በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ሲያያቸው፣ ስሊቭ ከተሠሩት 31 በመቶ፣ ባይፓስ ከተሠሩት 7 በመቶ የጉሮሮ ቧንቧቸው በአሲድ ቆስሎ ተገኝቷል። የቆየ ስኳር ላለበትም ባይፓስ ትንሽ ይበልጣል። በሌላ በኩል ለሪህ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ያለማቋረጥ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው፣ ቫይታሚን በየጊዜው የማያገኝና ከትልቅ ሆስፒታል ርቆ የሚኖር ሰው፣ በእኔ አስተያየት ከባይፓስ ይልቅ ስሊቭን አጥብቆ ማሰብ አለበት፤ ባይፓስ ይበልጥ ቫይታሚን ያጎድላል፤ ኋላ የማነሣው የአንጀት መታነቅም በብዛት የሚመጣው ከእሱ ነው።

«70 በመቶ» ሲሉዎት የምኑ እንደሆነ ይጠይቁ

ማስታወቂያዎቹ የሚጠሩት መቶኛ አብዛኛውን ጊዜ የ«ትርፍ ክብደት» መቶኛ ነው። ቀደም ሲል ያነሣናትን ሴት ትርፍ እናስላ። ለቁመቷ የተለመደው ክብደት ጣሪያ 68 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትርፏ 42 ኪሎ ነው ማለት ነው። በፊንላንዱ ጥናት በአሥረኛው ዓመት ስሊቭ የተሠሩት ከትርፋቸው 43.5 በመቶ፣ ባይፓስ የተሠሩት 51.9 በመቶ ቀንሰው ቆይተዋል። ለእሷ 18 ወይም 22 ኪሎ ማለት ነው፤ 110 የነበረችው ሴት በአሥረኛው ዓመት 90 አካባቢ ትሆናለች። ይህ አማካይ ነው፤ ከዚህ ብዙ የሚቀንስ አለ፤ ምንም ያህል የማይቀንስም አለ።

በስዊድን በ1987 የተጀመረው ትልቅ ጥናትም ተመሳሳይ መልክ አለው። ባይፓስ የሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጠቅላላ ክብደታቸው 32 በመቶ አጥተው ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት 25 በመቶ ላይ ቆመዋል። ከፊሉ ተመልሷል፤ ትልቁ ክፍል ግን አልተመለሰም። በዚያው ጥናት ኦፕራሲዮን የሆኑት ሰዎች ካልሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት መጠናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ለእኔ ከኪሎው ሁሉ የሚበልጠው ውጤት ይህ ነው። ስኳርን በተመለከተ፣ አሜሪካ ዩታ ውስጥ በተደረገና በ2017 በታተመ ጥናት፣ ባይፓስ ከሆኑ የስኳር ሕመምተኞች በሁለተኛው ዓመት 75 በመቶው፣ በስድስተኛው 62፣ በአሥራ ሁለተኛው 51 በመቶው ከበሽታው ነፃ ነበሩ። ስለዚህ «ስኳሬ ጠፋ» ብለው ምርመራውን አያቁሙ፤ ከጠፋላቸው ሰዎች በከፊሉ ላይ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚያልቅ ሥራ

ኢንዶስኮፒ ይታዩ፤ በተለይ ባይፓስ የሚሠሩ ከሆነ። እኛ አገር ኤች ፓይሎሪ፣ ሰው «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚለው፣ በጣም የተስፋፋ ነው። ከባይፓስ በኋላ ሆድ ውስጥ የሚቀረውን ጨጓራ ተራው ኢንዶስኮፒ ስለማይደርስበት፣ ያለውን ቁስለትና ባክቴሪያ አስቀድሞ ማከም ግድ ነው። የደም መጠን፣ የብረት ክምችት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ታይሮይድና የሦስት ወር ስኳር ያስመርምሩ፤ ጎድሎ የተገኘ ካለ አሁኑኑ ይተካ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መተካቱ በእጥፍ ይከብዳል። ሲጋራ ያቁሙ። የሚያንኮራፉና ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ እንዳለ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ። ድብርት፣ ሆድ እስኪወጠር ሳያቆሙ መብላት ወይም መጠጥ ካለብዎም አይደብቁ፤ ይህን መናገር ኦፕራሲዮን አያስከለክልም፤ ያዘጋጅዎታል።

ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ ሦስት ነገር ሳይዙ አይመለሱ፦ የኦፕራሲዮኑ ሙሉ ሪፖርት፣ ባይፓስ ከሆነም በአንጀቱ መካከል የተፈጠሩት ክፍተቶች ተሰፍተው እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከዚያም የቀዶ ሐኪሙ መልእክት የሚመልስበት ስልክ። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ወይም በሚኖሩበት ከተማ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አግኝተው «ስመለስ ይቀበሉኛል?» ብለው ይጠይቁ። በአራተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍር ጥቅል ርካሽ ቢሆንም አይመረጥ፤ ስፌት ማፍሰስም ሆነ የደም መርጋት ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ወር

በደንብ በተደራጀ ሆስፒታል በሠላሳ ቀን ውስጥ የሚሞተው ከሺህ ሰው ከ1 እስከ 3 ነው። ትንሽ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የልብ ምትዎ ዐርፈው ሳሉ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ የግራ ትከሻዎን ካመመዎ፣ የሆድ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ አንድ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ እስኪነጋ አይጠብቁ። «ትንሽ ብታገሠው ይሻለኛል» ማለት ይገድላል።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ እባክዎ ለቤተሰብዎ ያንብቡላቸው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ኦፕራሲዮን የሆነው ሰው ማስታወክ ሊጀምር ይችላል፤ የዋጠው ሁሉ ይመለሳል። ቤተሰብ በአቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ይወስደዋል፤ እዚያ የተለመደውን ግሉኮስ ይሰቅሉለታል። በዚህ ጊዜ ሰውነቱ ቫይታሚን ቢ1 (ቲያሚን) ጨርሷል፤ ግሉኮሱ የቀረችውን ጠብታ ይጨርሳታል። ዓይን መንቀጥቀጥ ወይም ሁለት ሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የሚናገሩት መዘበራረቅ ይመጣል፤ በቶሎ ካልታከመ አእምሮ ላይ ቋሚ ጉዳት ይጥላል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፦ ከግሉኮሱ በፊት ቲያሚን በደም ሥር ይሰጥ። ከሁለት ቀን በላይ የሚያስታውክ ሰው ወደየትም ክሊኒክ ሲወሰድ አብሮት ያለው ሰው «ጨጓራው ተቆርጧል፤ መጀመሪያ ቢ1 ይሰጠው» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ።

ገበታው

ምግብ ከፈሳሽ ወደ ተፈጨ፣ ከተፈጨ ወደ ለስላሳ፣ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ወደ መደበኛ ይሸጋገራል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቁት ሕጎች ጥቂት ናቸው፦ በቀስታ ማላመጥ፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣትና ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮቲኑን መብላት። እንጀራና ትኩስ ዳቦ መጀመሪያ ላይ ስለሚያጨናንቁ በመጨረሻ የሚፈቀዱ ናቸው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል።

ይህ የጾም ጉዳይን ያመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ መቶ ግራም የዶሮ ሥጋ 30 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ያለው 9 ግራም ነው። በምስር ብቻ 60 ግራም ለመድረስ ከስድስት መቶ ግራም በላይ ወጥ መብላት ያስፈልጋል፤ ያ ጨጓራ ደግሞ ይህን በፍጹም አይችልም። ለመጀመሪያው ዓመት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ መጾም ከፈለጉ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት በአጥሚትም በሾርባም ይጨምሩ፤ ቢ12ን ደግሞ በምንም ምክንያት አያቋርጡ፤ የጾም ምግብ የለውም። በረመዳን ዋናው አደጋ የውኃ ጥም ነው፤ በትንሽ በትንሹ ብቻ የሚጠጣ ሰው የቀኑን ውኃ በሌሊት ለማካካስ ይቸገራል። በመጀመሪያው ዓመት አለመጾም ይሻላል፤ ኋላም ሐኪምን ጠይቆ ነው።

ጉርሻም አለ። በሠርግ ላይ አክስትዎ ያጠቀለለችው ጉርሻ ለእርስዎ የሙሉ ምሳ ግማሽ ነው፤ ሳያላምጡ የዋጡት እንደሆነ ደረት ላይ ይቆማል፤ ምራቅ ይሞላል፤ ተነሥቶ መውጣትና ማስመለስ ይከተላል። እምቢ ማለት የሚከብድዎ ከሆነ አስቀድሞ ለአንድ የቅርብ ዘመድ ነግረው «ሐኪም ከልክሎታል» እንዲልልዎ ያድርጉ። ጣፋጭ ነገርም፣ ማር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ኬክ፣ በተለይ ባይፓስ ከሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ላብ፣ የልብ ድለቃ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ከበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥና ራስ መሳት ከመጣ ግን ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል መለካትና ሐኪም ማየት ይገባል።

የዕድሜ ልክ ኪኒን

እነዚህ ለጥቂት ወር የሚወሰዱ አይደሉም። በየቀኑ የተሟላ መልቲቫይታሚን፤ ቢ12 በአፍ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም ወይም በወር አንድ ጊዜ 1000 ማይክሮግራም በመርፌ፤ ቫይታሚን ዲ 3000 ዩኒት አካባቢ፤ ካልሲየም ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ፣ ቢቻል ሲትሬት የተባለው ዓይነት። ብረት የወር አበባ ለምታይ ሴትና ባይፓስ ለሆነ ሰው ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ነው። ብረትና ካልሲየም ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ቡናና ሻይም ብረትን ስለሚይዙ ኪኒኑን ቡና ከፈላበት ሰዓት ያርቁት። ልክ መጠኑን የደም ምርመራዎ ይወስናል። የወሩን ወጪ ግን ኦፕራሲዮኑን ሳይከፍሉ በፊት በአቅራቢያዎ ፋርማሲ ጠይቀው በአሥራ ሁለት ወር ያባዙት።

የደም ምርመራው በ3፣ በ6ና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው፤ ሰው የሚተወው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ፣ «ደህና ነኝ» ሲል ነው። የቢ12 ጉድለት ግን ዓመታት ቆይቶ፣ በእግር መደንዘዝ ጀምሮ ይመጣል። አጥንትም ቀስ እያለ ይሳሳል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር መርገፉ ያስደነግጣል፤ ፕሮቲንና ብረቱ ካልጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ፋርማሲ ሲገቡ

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እኛ ጋ ያለ ማዘዣ ይገዛሉ፤ ወገብ ባመመ ቁጥር መርፌውንም የሚወጋ አለ። ከባይፓስ በኋላ ጨጓራና አንጀት የተሰፉበት ቦታ ላይ ቁስለት ከሚያመጡት ዋናዎቹ እነዚህና ሲጋራ ናቸው፤ ይደማል፤ ሊበሳም ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይያዙ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ሊበዛብዎ ስለሚችል፣ በቀድሞው መጠን ከመቀጠል ይልቅ ቶሎ ቶሎ ተለክቶ በሐኪም ይቀነስ።

ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የሆድ ሕመም

ፈጥኖ ክብደት መቀነስ የሐሞት ጠጠር ስለሚያመጣ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መከላከያ መድኃኒት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ይጠይቁ። ባይፓስ ላይ የኩላሊት ጠጠርም ይበዛል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን አንጀት በውስጥ ክፍተት ሾልኮ መታነቁ ነው። ከምግብ በኋላ እየመጣ የሚሄድ፣ እንደ ምጥ ቁርጥ ቁርጥ የሚያደርግ ሕመም ነው፤ በእርግዝና ጊዜም ይነሣል። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም «ጨጓራ ነው» ብሎ የአሲድ መድኃኒት ሰጥቶ ሊመልስዎ ይችላል፤ ሲቲ ስካን እንኳ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት አውጥተው ያሳዩ፤ ቀዶ ሐኪም ካላየዎ አይውጡ። የሪፖርቱ ፎቶ በእርስዎም በባለቤትዎም ስልክ ላይ ይኑር።

እርግዝና፣ መጠጥና የሰው አፍ

ሴቶች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ሳያረግዙ እንዲቆዩ ይመከራሉ። ክብደት ሲወርድ የጠፋ የወር አበባ ተመልሶ ሳይታሰብ ማርገዝ የተለመደ ነው፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ በአፍ የሚወሰደው መከላከያ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ይሻላል። ሲያረግዙም ለስኳር ምርመራ የሚጠጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ስለማይስማማዎ በሌላ መንገድ እንዲለኩ ይጠይቁ።

አልኮል ከባይፓስ በኋላ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ አንድ ብርሌ ጠጅ የቀድሞውን ሁለት ያህል ሊያሰክር ይችላል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የመጠጥ ችግር የሚበዛባቸው ሰዎች እንዳሉ ጥናት አሳይቷል። ራስን የማጥፋት አደጋም ከፍ ብሎ ስለታየ፣ ድብርት የተሰማው ሰው ዝም አይበል። በእኛ ሰፈር የሚያሳምመው ደግሞ «ምን ነካሽ? ከሳሽ እኮ! ታመሻል እንዴ?» የሚለው ነው። ለማን ምን እንደሚነግሩ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይወስኑ፤ ለቤትዎ ሰዎች ግን ሁሉንም ይንገሩ፤ ሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚወስዱዎ እነሱ ናቸው።

ክብደቱ መመለስ ሲጀምር

አብዛኛው ሰው ዝቅተኛ ክብደቱ ላይ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። በወር አንድ ጊዜ ይመዘኑ፤ ከዝቅተኛው 5 ኪሎ ሲጨምሩ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፤ 20 እስኪሆን አይጠብቁ። መጀመሪያ የሚታየው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚቀመሰው፣ ስኳር ያለው መጠጥና የተቋረጠ እንቅስቃሴ ነው። ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ ወይም ራጅ የጨጓራውን ቅርጽ ያሳያል። መርፌዎቹ እዚህ ላይ ይረዳሉ፤ ስሊቭን ወደ ባይፓስ መለወጥም ይቻላል፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ግን ከመጀመሪያው የበለጠ አደጋ ስላለው በመጨረሻ የሚታሰብ ነው። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ያለፉትን ወራት የክብደት መዝገብዎን፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራና የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ።